ትኩሳቱ ዓይኔ ላይ ትቶት የሄደው

ከድሮም አንድ ቦታ የምረጋ ሰው አይደለሁም። እናቴ «የዚች ልጅ እግር አያርፍም» እያለች ነው ያሳደገችኝ። ስለዚህ በሽታው ሲጀምረኝ እኔም፣ ባሌም፣ ሸዋ ሮቢት ያለው ጎረቤትም በሽታ መሆኑን አላወቅንም። ቅልጥፍና መሰለን። እንዲያውም ተመሰገንኩበት።

ጊዜው የጃንሆይ መንግሥት ማብቂያ ገደማ ነው። ከአውራ ጎዳናው ዳር ምግብ ቤት ነበረኝ። ምግብ ቤት ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት ነው፣ ከፊት ሹፌሮች ይበሉበታል፣ ከኋላ እኛ እንተኛበታለን። ባሌም የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። አሰብ ሲወርድ አዲስ አበባ ሲወጣ ዕድሜው መንገድ ላይ ያልቃል፤ ቤቱን የምይዘው እኔ ነኝ። ገና ድክ ድክ የሚል አንድ ወንድ ልጅ ነበረን። ከዚህ በኋላ የማወራው ሁሉ ስለ እሱ ነው፤ ስለ ዓይኔ የማወራ ብመስልም ስለ እሱ ነው።

ክረምቱ ወጥቶ ማሽላው ሲያሸት ትኩሳት ገባ። እዚያ ቆላ የትኩሳት ስሙ አንድ ነው፣ ወባ። ጉሮሮ ቢያቃጥል ወባ፣ ቢያስል ወባ፣ ወገብ ቢቆርጥም ወባ። የወባ ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ ግድግዳ የረጩት በዚያው ሰሞን ስለነበር፣ አንዳንዱ «ረጭተው አስቆጡት» ሲል ሰምቻለሁ። ያ ትኩሳት ግን የወባ ጠባይ አልነበረውም። ወባ ያንቀጠቅጥና በላብ አጥምቆ ይለቃል፤ ይሄኛው ጉሮሮ ያንቃል፣ አንገት ያሳብጣል፣ ካንዱ ቤት ወጥቶ ካንዱ ይገባል። በኛ መስመር ያልገባበት ቤት አልነበረም። እኔም ምራቄን መዋጥ አቅቶኝ ተኛሁ። ጨርቅና ጨው የምትነግድ አንዲት ሙስሊም ጎረቤት ነበረችኝ፤ አጥሚት ይዛልኝ ትገባለች፣ እኔ ሳስል እሷም ታስላለች፣ «አልሐምዱሊላህ፣ አብረን ነን» ትለኛለች። ከዚያ ሁሉም ተነሣ። ልጄም ተነሣ። እኔም ተነሣሁ፣ ወይም የተነሣሁ መሰለኝ።

ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ልቤ መሮጥ ጀመረ። ቁጭ ብዬ ሽንኩርት ስከትፍ፣ ዳገት እንደወጣ ሰው ድው ድው ይላል። እንቅልፍ ሸሸኝ። ጎህ ሳይቀድ ግቢውን ጠርጌ፣ ሽሮዬን ጥጄ፣ በር ላይ ቆሜ መኪና እጠብቃለሁ። የታጠበውን ሳህን መልሼ አጥባለሁ። ሹፌሮቹ «እንዴት ያለች ቀልጣፋ ሴት ናት» ሲሉ ባሌ ደስ ይለዋል። ምግብ እንኳ ድስት ጠርጌ ነው የምነሣው፤ ቀሚሴ ግን በየጊዜው ይሰፋኛል። ደግሞ ሙቀቱ። አሊዩ አምባ ተወልጄ ቆላ ለቆላ ያደግሁ ሰው ሙቀት ጠላቴ ሆነ። ሌላው ሰው ጥላ ሲያገኝ ያርፋል፤ እኔ ጥላው ውስጥም ላቤ ይንጠባጠባል። እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ሻይ ሳቀርብ ብርጭቆው ከማንኪያው ጋር ይንኳኳል። ለትንሽ ትልቁ እሳት ጎርሼ እሳት ለብሼ እነሣለሁ፣ ወዲያው ደግሞ እንባዬ ይመጣል። ራሴን ሰለቸሁት።

ከዚያ ዓይኔ ወጣ። በአንድ ቀን አይደለም። ባሌ ጢሙን በሚላጭባት ስባሪ መስታወት ራሴን ሳይ፣ የዓይኔ ቆብ ወደ ላይ ሸሽቶ ከብሌኑ በላይ ነጩ ይታያል። ተኝቼ እንኳ አልገጥም አለ። ዝም ብዬ ሰው ሳይ የማፈጥበት እመስላለሁ። ከጉሮሮዬ ዝቅ ብሎም ትንሽ እብጠት ነበረ፣ ግን ደጋው ላይ እንቅርት ያለባት ሴት ሞልታ፣ ለአንገት ማን ግድ አለው። ሰው ያየው ዓይኔን ነው።

መጀመሪያ ቦታ የቀየረው አንድ የቆየ ደንበኛዬ ነው። ፊቱን ወደ እኔ አድርጎ እየቀለደ ይበላ የነበረ ሰው ጀርባውን ሰጠኝ። ሌላው ሳህኑን ይዞ መኪናው ውስጥ ገባ። ከዚያ አንድ የመኪና ረዳት እኔ ቤት ጥብስ በልቶ ጀውሃ ሳይደርስ ሆዱን ቆረጠው። በዚያ ሙቀት ሥጋ በልቶ ሆዱን ያልቆረጠው ሹፌር ካለ ያምጡልኝ። ግን ይህን ማን ያስባል። ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት አስሽትተው «ማነው የያዘህ?» ሲሉት የኔን ቤት ጠራ ተባለ። ጉዴ ፈላ። ቡዳ ናት ተባልኩ። በፊቴ የነገረኝ የለም፤ ይህን ነገር ፊት ለፊት የሚናገር ሰው የለም። ዝም ብለው ሌላ ቤት መብላት ጀመሩ።

እንደ ወትሮዋ የመጣች ጎረቤቴ ብቻ ናት። ፊት ለፊቴ ቁጭ ብላ ሽሮዬን እየበላች፣ «ቢስሚላሂ ብዬ ለጎረስኩት ምን ያገኘኛል? ይልቅ ጨው አብዝተሽበታል» አለችኝ። ሳቅሁ። ከሳቅሁ ቆይቼ ነበር።

ሰዉ ምግቤን ቢተው ግድ አልነበረኝም፤ ሌላ ሥራ አላጣም ነበር። ግን ልጄን ተቅማጥ ያዘው። የቡዳው ወሬ ደርሷቸው ኖሮ አማቴ ከቀወት ገጠር ገስግሰው መጡ። አማቴ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር። ካሳደጓቸው ልጆች የቀበሯቸው ይበልጣሉ። የተረፈላቸው ወንድ ልጅ የኔ ባል ብቻ ነው፣ የልጅ ልጃቸውም ያው የኔ ልጅ ብቻ። ገብተው ሲስሙኝ መሬት መሬቱን እያዩ ነው። ከዚያ ልጁን አንሥተው ፊቱን በነጠላቸው ሸፈኑት።

«ልጄ፣ ክፉ ብዬሽ አይደለም» አሉኝ። «አንቺም ወደሽ ያመጣሽው አይደለም። ግን እስኪሻልሽ ልጁ ከኔ ጋር ይሁን።»

«እማማ፣ የሆድ በሽታ ነው እኮ። የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ይዞታል።»

«ይሁን። እስኪሻልሽ ነው ያልኩት።»

በዚያ ቀን ከመንገድ ገብቶ ነበርና ባሌን አየሁት። ባሌ እናቱን አየ፣ ከዚያ ጫማውን አየ። አማቴ ልጄን አዝለው ወጡ። ገና ጡት አልጣለም ነበር። ሲመሽ ጡቴ ሞልቶ ቀሚሴን አራሰው፤ እኔም እንደ እብድ ከጓሮ ደጅ፣ ከደጅ ጓሮ ስመላለስ ቆየሁ።

ጠበል ግቢ አሉኝ፣ ገባሁ። ቀዝቃዛ ስለነበር ሰውነቴ ደስ አለው፤ ዓይኔና ልቤ ግን እንዳሉ ናቸው። ባሌን ያዝኩት።

«አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ውሰደኝ።»

«ለዚህ ነገር ሐኪም ምን ይሠራል?»

«ወይ ሐኪም ቤት ውሰደኝ፣ ወይ ሄደህ ልጄን አምጣልኝ። አንዱን ምረጥ።»

እናቱን ከመጋፈጥ እኔን መጫን ቀለለው። ደብረ ሲናን አልፈን ጣርማ በር ስንደርስ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖታል፣ ረዳቱ ጋቢውን ተከናንቦ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። እኔ መስኮቱን ከፍቼ አንገቴን አውጥቻለሁ። «ዝጊው እንጂ፣ ልትፈጂን ነው?» አለ ባሌ። አልዘጋሁም። ከወራት ወዲህ ሰውነቴ ዕረፍት ያገኘው እዚያ ብርድ ላይ ነው፤ ለምን ብዬ እዘጋለሁ?

ሐኪሙ ወጣት ነበር፣ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ። ቀጥ ብሎ ዓይኔን አየኝ። ያንን አልረሳውም፤ ሰው ዓይኔን ማየት ካቆመ ሰነባብቷል። እጆቼን አስዘርግቶ ከላያቸው ወረቀት አስቀመጠ፣ ወረቀቱ ተርገፈገፈ። ውሃ አጠጥቶ ስውጥ አንገቴን ዳሰሰው። ከዚያ ከዚህ በፊት ምን አሞሽ ነበር አለኝ። የትኩሳቱን ነገር ነገርኩት፣ አንድም ሳላስቀር።

«አንገትሽ ውስጥ ትንሽ ዕጢ አለች» አለኝ። «ልብሽ በምን ፍጥነት እንደሚመታ፣ ሰውነትሽ ምን ያህል እንደሚሞቅ የምታዘው እሷ ናት። አሁን ያለ ልክ እየሠራች ነው። ዓይንሽም የዚሁ በሽታ ጣጣ ነው።»

«ምን ነካት?»

«ሰውነት በሽታ የሚከላከልበት ዘበኛ አለው። አንዳንዴ ያ ዘበኛ ይሳሳትና በገዛ ቤቱ ላይ ይነሣል። ያንቺም ዕጢዋን እየጎተጎተ ዕረፍት ነሥቷታል። ለምን እንደሚሳሳት ደህና አድርገን አናውቅም። እንዳንቺ ትኩሳት ታመው ከተነሡ በኋላ የሚጀምራቸው ሰዎች አሉ። ቫይረስ የሚባል በዓይን የማይታይ ተላላፊ ነገር አለ፤ እሱ ዘበኛውን ቀስቅሶት ሊሆን ይችላል።»

«ትኩሳቱ ነው ማለት ነው?»

«ሊሆን ይችላል ነው ያልኩት።»

«ነው በሉኝ፣ ዶክተር።»

«አላውቅማ። ያላወቅሁትን እንዴት ብዬ ልንገርሽ?»

ተነሥቼ ባንቀው ደስ ባለኝ። ሸዋ ሮቢት ያለው ሰው ሁሉ ስለ እኔ እርግጠኛ ነው። ሆዱን የቆረጠው ረዳት እርግጠኛ ነው፣ አማቴ እርግጠኛ ናቸው። ባሕር ተሻግሮ የተማረው ሰውዬ «ሊሆን ይችላል» ይለኛል። በ«ሊሆን ይችላል» ልጅ ይመለሳል? እስከ ዛሬም ሐኪም ባገኘሁ ቁጥር ይህችን ጥያቄ ሳልጠይቅ አልወጣም፤ መልሱ ያው ነው፣ ማብራሪያው ብቻ ረዝሟል።

«እሺ፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ታሞ ለምን እኔን ብቻ?» አልኩት።

«አንዳንዱ ሰው ሲፈጠር ለዚህ የተጋለጠ ነው፤ በዘር የሚሄድበት ጊዜም አለ። ከቤተሰብሽ ዓይኑ ወይም አንገቱ እንዲህ የሆነ ነበር?»

ነበረች። አሊዩ አምባ የእናቴ እኅት፣ ዓይኗ የወጣ፣ እንቅልፍ የማታውቅ፣ በወጣትነቷ የሞተች። ዞር ብዬ ባሌ ኮሪደሩ ላይ መሆኑን አየሁና ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነገርኩት። በኛ አገር ቡዳ በዘር ነው የሚወርድ የሚባለው። ያቺ «በዘር» የምትለው ቃል ቀወት ብትደርስ እኔ ብቻ አይደለሁም፣ ልጄም አብሮኝ አለቀለት።

«ይህችን ለባሌ እንዳይነግሩብኝ» አልኩት።

ነገሩ ገባው አልገባው እንጃ፣ አልነገረውም።

ኪኒን ሰጡኝ። ልቤ ረጋ ሲል አንገቴን ኦፕራሲዮን አደረጉኝ። አልጋዬ ላይ ተኝቼ ሐኪሙን «ዓይኔስ ይገባል?» አልኩት። «ሊገባ ይችላል፣ እንዳለ ሊቀርም ይችላል» አለ። ይሄ ሰውዬ ሌላ ቃል አያውቅም እንዴ ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ወደ ቤቴ ስመለስ ሌላ ሰው ሆኜ ነበር። እጄ አይንቀጠቀጥም፣ ሌሊቱን ሙሉ እተኛለሁ፣ ቀሚሴን ሞላሁት። ዓይኔ ግን አልገባም። ትንሽ ገባ ብል ራሴን ማታለሌ ነው።

ዕቃዬን እንኳ ሳልፈታ ቀወት ሄድኩ። የሚቀጥለው ዓመት ማሽላ ታጭዶ አገዳው ብቻ ቆሟል፤ በመሀሉ ስሄድ እግሬ መሬት የሚነካ አይመስለኝም ነበር። አማቴ ከአጥሩ በር ላይ ተቀበሉኝ። ውሃ በጣሳ ሰጡኝ፣ አንገቴ ላይ ያለውን ጠባሳ አይተው ከንፈራቸውን መጠጡ። ልጄ ከጎጆው ጥላ ሥር ተኝቷል፣ ፊቱ በጨርቅ ተሸፍኗል። እግሩ ብቻ ይታየኛል። እግሩ ረዝሟል።

የሐኪሙን ነገር ሁሉ ነገርኳቸው፤ ስለ ዕጢዋ፣ ስለ ዘበኛው፣ ስለዚያ ትኩሳት። ስለ አክስቴ ግን ትንፍሽ አላልኩም። አማቴ ሳያቋርጡኝ ሰሙኝ።

«ሐኪሙ ማለልሽ?» አሉኝ።

«ሐኪም እኮ አይምልም፣ እማማ።»

«ትኩሳቱ ነው፣ ሌላ አይደለም አለሽ?»

መዋሸት እችል ነበር። አማቴ ግን ሲጠይቁኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው ዓይኔን አዩኝ።

«ሊሆን ይችላል ነው ያለኝ።»

«እንግዲያው እሱም አላወቀውም» አሉ። «ዓይንሽም እንዳለ ነው፣ ልጄ። ትንሽ እንቆይ።»

ልጁን ነጥቄ መውጣት እችል ነበር፤ የገዛ ልጄ ነው፣ ማን ይከለክለኛል? ግን ወስጄው በነጋታው ቢያተኩሰውስ? ቆላ ነው፣ ልጅ ያተኩሰዋል። ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ እውነት ሆነ ማለት ነው፣ ልጄን ዳግም አላየውም። ስለዚህ ባዶ እጄን ተመለስኩ። በሽታዬ ዕረፍት ሲነሣኝ ቢያንስ ኪኒን ነበረው፤ ይሄኛው ምንም የለውም። ገበያ በዋለ ቁጥር ከቀወት የመጣ ሰው እያስቆምኩ «ልጄን አያችሁት?» እላለሁ። አንዳንዱ እየፈራኝ መልሱን ሳይጨርስ ይሄዳል። ባሌ ሲመጣ እንጣላለን፣ ሲሄድ እናፍቀዋለሁ።

ከዚያ ቀወት ኩፍኝ ገባ። ወሬውን የሰማሁት ገበያ ላይ ነው። ሌላው እናት ኩፍኙን ነው የሚፈራው፤ እኔ ኩፍኙን ፈርቼ ሳልጨርስ ከኩፍኙ በኋላ የሚመጣውን እፈራለሁ። ያ ሐኪም የነገረኝ ነገር ሁሉ ዞሮ እኔው ላይ ተቀመጠ። ልጄ የኔ ደም አለበት። የኔ ደም ደግሞ የአክስቴ ደም ነው። ትኩሳቱ እኔን ለይቶ ጎድቶ የሰፈሩን ሰው በሰላም ትቷል፤ ልጄን ከማን ወገን እንደሚያደርገው በምን አውቃለሁ? ልሂድ እላለሁ፣ መንገድ ጀምሬ እመለሳለሁ። ታሞ ሳለ ብደርስ፣ እኔ ደርሼ ሞተ ይባላል። ጎረቤቴ «ኢንሻአላህ ይተርፋል፣ አንቺ ግን እባክሽ ቁጭ በይ፣ መሬቱን ጨረስሽው» ትለኝ ነበር።

አንድ የገበያ ቀን፣ ቀትር ላይ፣ ሹፌሮች እየበሉ ሳለ አማቴ በበሩ ገቡ። ደንበኛዬ ትንሽ ትንሽ መመለስ ጀምሮ ነበር። አማቴ አቧራ ለብሰዋል፣ ልጄን አዝለዋል፣ እንደ ወትሮው ፊቱ ተሸፍኗል። እንዲህ ሰው መሀል ይመጣሉ ብዬ አላሰብኩም ነበር። የያዝኩትን ሳህን የት እንዳስቀመጥኩት አላውቅም።

«ኩፍኙ ወጣለት» አሉኝ ቆመው። «ትኩሳቱም ለቀቀው። ግን እንደ ድሮው አይደለም። ሌሊት ይነቃል፣ ይቁነጠነጣል።»

«ሞቶ ነው ብዬ» አልኩ።

«አልሞተም። አንቺ እዚህ፣ እሱ እዚያ ሆኖ ታመመ። አንድ ቀን እንኳ ሳታይው ታመመ።» ተንፈስ አሉ። «ስንት ልጅ ቀበርኩ፣ ልጄ። በያንዳንዱ አንድ ሰው ስጠረጥር ኖርኩ። ከጠረጠርኳቸው አንዷ ይቅርታ ሳልጠይቃት ሞተችብኝ።»

ሹፌሮቹ መብላት አቁመዋል። ባትሰሙ ምን አለበት ብዬ በሆዴ ረገምኳቸው። አማቴ አንቀልባውን ፈትተው ልጁን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ከትኩሳት በኋላ ይመጣል ያልሽኝን ነገር የምታውቂው አንቺ ነሽ» አሉኝ። «እኔ አላውቀውም። እንደሱ መሆኑን አለመሆኑን እይልኝ።»

ጨርቁን ከፊቱ ላይ ራሳቸው አነሡት።

ጎንበስ አልኩ። የኩፍኙ ሽፍታ ፊቱ ላይ ገና እየተቀረፈ ነው፣ ጉንጩ ገብቷል። የእጁን አንጓ ያዝኩ፤ ልቡ ይመታል፣ ይፈጥናል፣ ግን የልጅ ልብ ድሮስ መቼ ይዘገያል። አንገቱን ዳሰስኩት። ዓይኑን አየሁት። ያለ አይመስለኝም፣ ግን ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። ልቤ እንደ ድሮው መሮጥ ጀመረ፣ በዚህ ግን ዕጢዋ የለችበትም።

ልጄ ቀና ብሎ ዓይኔን አየ። እኔን አያውቀኝም። ጮኸ፣ ሁለት እጁን ወደ አያቱ ዘርግቶ አንሡኝ አለ። አማቴ እጃቸውን ሊሰጡት ጀመሩና መልሰው ነጠላቸው ውስጥ ከተቱት።

«እናትህ ናት፤ ትይህ» አሉት።